አራቱን ክፍል እዩት፣ ከዚያ ወደ ማጀት ግቡ



ግቢ ውስጥ ስለ ምግብ ስናወራ ወሬያችን ከሁለት ነገር አይዘልም። አንዱ እሮሮ ነው፤ የካፌው ወጥ ቀጠነ፣ ዳቦው ደረቀ፣ ሩዙ ጠጠር አለው። ሌላው ጥያቄ ነው፤ «ይሄ ሐላል ነው ወይስ አይደለም?» እሮሮው ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው። ጥያቄውም ግዴታችን ነው። ግን ምግብ ዕውቀት መሆኑን ከነጭራሹ እየረሳን ነው። እንዴት እንደሚበስል፣ ለምን እንደሚጣፍጥ፣ ማን እንደሚያውቀውና የሚያውቀውም ከማን እንደተማረ የሚጠይቅ የለም። በዚህ እትም ስለ አንድ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ፊልሙ «ሶልት ፋት አሲድ ሂት» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ጨው፣ ስብ፣ ኮምጣጣ፣ ሙቀት» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። አራት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። አቅራቢዋ ሳሚን ኖስራት ትባላለች፤ ወላጆቿ ከኢራን ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው፣ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ካሊፎርኒያ ነው። በዚሁ ስም እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመችው መጽሐፍ ነበራት፤ ፊልሙ የተሠራው ከእሱ ተነሥቶ ነው። የመጽሐፉም የፊልሙም ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ጨውን፣ ስብን፣ ኮምጣጣንና ሙቀትን በቅጡ የተረዳ ሰው የትም አገር፣ በየትኛውም ድስት፣ ጥሩ ምግብ ማብሰል ይችላል።

ይህን ፊልም እንድታዩት የምፈልግባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቼ የሰማኋቸውን ተቃውሞዎች አንሥቼ መልስ እሰጣለሁ። በመጨረሻም ለጀማዓችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የምግብ ፊልም ነው

የምግብ ፕሮግራም ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው የታወቀ ነው። በዓል ሲደርስ አንድ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ «ከዚህ ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ ኩባያ» ይላል። እኛም እንጽፋለን። አንድ ነገር ከጎደለ ግን ግራ ይገባናል፤ ምክንያቱ አልተነገረንማ። ልክ ቀመር ሸምድዶ ፈተና እንደሚገባ ተማሪ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ብዕሩን ያስቀምጣል።

ይህ ፊልም ከምክንያቱ ይጀምራል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን በመጀመሪያ የያዘኝ ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የማየውን ነገር ድስት ውስጥ አገኘሁት።

ጨውን እንይ። ይህ ክፍል የተቀረጸው ጃፓን ነው። ሳሚን ከባሕር ውኃና ከባሕር ውስጥ ዕፅ ጨው የሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ትሄዳለች፤ ሾዶሺማ በምትባል ደሴትም ሶያ ሶስ በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ዓመታት አቆይተው የሚሠሩ ሰዎችን ትጎበኛለች። የክፍሉ ዋና ትምህርት ግን ቀላል ነው፦ ጨው የሚጨመርበት ሰዓት ከመጠኑ እኩል ዋጋ አለው። መጨረሻ ላይ የተነሰነሰ ጨው ምላስ ላይ ብቻ ይቀራል። ከቀደም ብሎ የገባ ጨው ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ ዲፊዩዥን ነው። ሕጉንም እናውቀዋለን፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ወፍራም ሥጋ ምድጃ ላይ ሲወጣ ጨው ብትጨምሩበት ጨዋማ ውጪና አልጫ ውስጥ ታገኛላችሁ። ማታ ጨው ነክታችሁ ብታሳድሩት ግን ሌላ ሥጋ ይሆናል። ባቄላም ሆነ ምስር ቢሆን መንገዱ ያው ነው።

ስቡን እንይ። ቦታው ጣሊያን ነው፤ ሊጉሪያ የሚባለው የባሕር ዳርቻ። የወይራ ዘይት ሲጨመቅ፣ የእኛ በሶብላ ዘመድ የሆነው ቅጠል በሙቀጫ ከዘይት ጋር ሲወቀጥ ታያላችሁ። አላህ በቁርኣን የማለበት ዘይቱን በሰዎች ኑሮ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው በዐይን ማየት ደስ ይላል። ስብ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ውኃ ከሚደርስበት ሙቀት እጅግ አልፎ ይሞቃል፤ ስለዚህ ያጠብሳል፣ ያንኮሻኩሻል። ሁለተኛ፣ ብዙ መዓዛዎች የሚሟሙት በውኃ ሳይሆን በስብ ነው፤ ስለዚህ መዓዛውን ተሸክሞ ምላሳችን ላይ ያደርሳል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ የሚሠሩት ነገር በሙሉ ገባኝ። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ኮሰረቱና በሶብላው ቅቤው ውስጥ የሚገቡት መዓዛቸው ወደ ስቡ እንዲፈልስ ነው። ቅቤው እሳት ላይ ሲንጫጫ የሚሰማው ድምፅ ውስጡ ያለው ውኃ እየተነነ መሆኑን ይነግራል። ድምፁ ሲያርፍ ውኃው አልቋል ማለት ነው፤ ውኃ የሌለው ቅቤ ደግሞ ቶሎ አይበላሽም። ቅቤ የምታነጥር እናት ቴርሞሜትር የላትም፤ ጆሮዋን ግን ትጠቀማለች። ይህን ቴርሞዳይናሚክስ ካልነው ምን ልንለው ነው?

ኮምጣጣውን እንይ። ይህ ክፍል ሜክሲኮ፣ ዩካታን በሚባለው ምድር ነው። እዚያ የማያ ሕዝብ ሴቶች ምግባቸውን በኮምጣጣ ብርቱካን ያጣፍጣሉ፤ መናደፊያ ከሌላቸው ትንንሽ ንቦች የሚገኝ ማርም አላቸው፣ እሱም ጎምዘዝ ያለ ነው። የኮምጣጣ ሥራ ማመጣጠን ነው። ቅባት የበዛበትን ያቀላል፣ የደበዘዘውን ያነቃል። እዚህ ላይ ፊልሙ ከሚናገረው አልፌ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ኮምጣጣ ብርቱካን ከመጀመሪያው የሜክሲኮ አልነበረም፤ ስፔኖች ናቸው የወሰዱት። ስፔኖች ደግሞ ያገኙት አንደሉስን ከገነቡት ሙስሊሞች ነው። ዐረብኛው «ናረንጅ» ነው፤ ስፔንኛው «ናራንኻ» የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ፍሬ ከእስያ ተነሥቶ በሙስሊሞች እጅ አንዳሉሲያ፣ ከዚያ ውቅያኖስ ተሻግሮ ማያ እናት ማጀት ገባ። የታሪክ መምህር ሳይነግረኝ የቀረውን አንድ ብርቱካን ነገረኝ።

ኮምጣጤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማባያ ጠይቀው ቤት ውስጥ ከኮምጣጤ በቀር ምንም እንደሌለ ሲነገራቸው እሱኑ አስመጥተው እንደበሉና እንዳመሰገኑት በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። እንጀራችንስ? ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀመጠው እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሲድ እንዲያመርቱ ነው። ወጣችን ላይ ሎሚ የማንጨምቀው ኮምጣጣው ከሥር ተነጥፎ ስለሚጠብቀን ነው።

የመጨረሻው ሙቀት ነው፤ ሳሚን ወደ አገሯ ካሊፎርኒያ ትመለሳለች። ሽንኩርት ድስት ውስጥ ለምን ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ከሽንኩርት ክብደት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ አፍልቶ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ኃይል ቀዝቃዛውን ውኃ እስከ መፍያው ድረስ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ስድስትና ሰባት እጥፍ ነው። ውኃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው አይዘልም፤ ቡናማ ቀለምና ያ ጥልቅ ጣዕም ደግሞ በደንብ የሚመጣው ወደ 140 ዲግሪ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ቁሌት ትዕግሥት ይፈልጋል። «እሳቱን ጨምረው» የሚል የዶርም ጓደኛ የሚያተርፈው ከውጭ ያረረ፣ ከውስጥ ጥሬ ሽንኩርት ነው። ሌላም ልጨምር፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አተርና ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው፣ ፕሬዠር ድስት ያለው ቤት ደግሞ በግማሽ ሰዓት የሚገላገለው በዚህ ምክንያት ነው። ሂት ትራንስፈር ያስጨነቃችሁ ካላችሁ፣ ይህን ክፍል እዩና ደብተራችሁን እንደገና ክፈቱት።

ሁለተኛ፦ ዐዋቂውን ከቦታው ሄዶ ያከብራል

መድረሳ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ቁርኣን ከመጽሐፉ ብቻ አይቀራም። ተጅዊድ የሚያዘው ከኡስታዝ አፍ ነው፤ አንተ ትቀራለህ፣ እሱ ይሰማል፣ ስትሳሳት ያስቆምሃል። ኡስታዙም ከኡስታዙ ተቀብሏል፣ ያም ከሌላው፤ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህን ሰነድ እንለዋለን። ሰነድ የሌለው ዕውቀት ምን ያህል ጥርጣሬ ላይ እንደሚጥል ልጅ ሆነን ነው የተማርነው።

ፊልሙን ሳይ ደጋግሞ የመጣብኝ ይሄ ነው። ሳሚን ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ያሉ ስመ ጥር ሼፎችን እየዞረች አታሞካሽም። አብዛኞቹ አስተማሪዎቿ ቤታቸው ውስጥ የሚያበስሉ ሴቶች፣ አያቶች፣ ዘይት ጨማቂዎች፣ አይብ ሠሪዎች፣ ጨው አፍላቂዎች ናቸው። እሷ ራሷ ስሟ የታወቀ አብሳይ ሆና ሳለ እነሱ ፊት ስትቆም ተማሪ ትሆናለች። ትጠይቃለች፣ ታያለች፣ በእጇ ትሞክራለች፣ ሲያርሟት ትስቃለች። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ከእናቷ ጋር ታህዲግ ትሠራለች። ታህዲግ በፋርስኛ «የድስት ሥር» ማለት ነው፤ ሩዙ ከሥር ወርቃማ ሆኖ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበስና ድስቱ ሰሃን ላይ ይገለበጣል። መጽሐፍ ጽፋ የተሸለመች ሴት እናቷ አጠገብ ቆማ ድስት ስትገለብጥ ማየት የዕውቀትን አደብ ያስተምራል።

የሳሚን የራሷ ታሪክም ለተማሪ ይነግራል። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስትማር ገንዘብ አጠራቅማ «ሼ ፓኒስ» በሚባል ዝነኛ ምግብ ቤት በላች። ከዚያ እዚያው ሥራ ጠየቀች፤ የጀመረችው ጠረጴዛ በማንሣት ነው። ከታች ተነሥታ፣ እያየች፣ እየጠየቀች ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። «ዲግሪ እየተማርኩ እንዴት ሰሃን አነሣለሁ?» አላለችም።

ሾዶሺማ ላይ ያለውም ነገር ልብ ይነካል። እነዚያ የእንጨት በርሜሎች ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው፤ ሶያው የሚብላላው በእንጨቱ ውስጥ በሚኖሩት ረቂቅ ነገሮች ጭምር ነው። በርሜሉን የሚሠሩ ባለሙያዎች እያለቁ መጡ። ያማሞቶ የተባሉት የፋብሪካው ባለቤት ታዲያ ሶስ መሥራቱ አልበቃ ብሏቸው በርሜል መሥራትን ራሳቸው ተማሩ። አለበለዚያ ከእሳቸው በኋላ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከጅማ፣ ከስልጤ፣ ከአፋር፣ ከባሌ የመጣን ልጆች አንድ ዶርም ውስጥ እንተኛለን። የየእናቶቻችን እጅ የተለያየ ነው። የመውሊድ ወይም የሰደቃ ቀን ለመቶ ሰው የሚሆን ድስት የሚጥዱ እናቶች መጠኑን የሚያውቁት በዐይናቸው ነው፤ የትም አልተጻፈም። እኛ ለአራትና ለአምስት ዓመት ከቤት ርቀናል። እህቶቻችንም እንደኛው ዶርም ናቸው። ማን ተቀበላቸው? ሰነዱ በእኛ ትውልድ ላይ ቢቆም የማን ጥፋት ሊሆን ነው? ፊልሙ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ግን በደንብ ያነሣል። ስልካችን ካሜራ አለው፣ ድምፅ ይቀዳል። የሴሚስተር ዕረፍት ስትሄዱ አንድ ቀን እናታችሁ አጠገብ ተቀመጡና «እማ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» በሏት። ስትመልስ ቅዱት።

ሦስተኛ፦ «ጦይብ» የሚለውን ቃል ያስታውሰናል

በሱረቱል በቀራህ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎችን ከምድር ፍሬ እንዲበሉ ሲያዝ ሁለት ቃላት አብረው መጥተዋል፦ ሐላልና ጦይብ። የተፈቀደ፣ ደግሞም መልካም። እኛ የመጀመሪያውን ቃል በየቀኑ እናነሣለን፤ አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛውን ግን ማን ይጠይቃል? ምግቡ ንጹሕ ነው? ሠሪው በደል ሳይደርስበት ደክሞ ያመጣው ነው? ገላን ይጠቅማል? እንስሳው በሕይወት ሳለ በርኅራኄ ተይዟል?

ሐላል የሚል ምልክት የተለጠፈበት ፓኬት ኢንዶሚ ሳምንቱን ሙሉ መብላት ይቻላል። ሐላል ነው። ጦይብ ነው ለማለት ግን ምላስ ይከብዳል። ይህ ፊልም የሙስሊም ፊልም አይደለም፤ ቃሉንም አያውቀውም። ነገር ግን ከብቱ ምን እንደበላ፣ አይቡ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ማሩን ማን እንደቆረጠ ሲጠይቅ የሚጠይቀው የጦይብን ጥያቄ ነው። በሱረቱ ዐበሰ ሰው ወደ ምግቡ እንዲመለከት ተነግሮታል፤ ዝናቡ፣ የተሰነጠቀው መሬት፣ እህሉ፣ ወይኑ፣ ዘይቱኑ ተከታትለው ይዘረዘራሉ። ምግብን ከመሬቱ ጀምሮ ማየት ለእኛ የተፈቀደ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የተጠራንበት ማስተንተን ነው።

ተቃውሞዎች

«ፊልሙ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ።» አዎ፣ አለ። ጣሊያን ላይ ስብ ሲባል እሱም ይመጣል። ወይን ጠጅም ብቅ ይላል። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አደራ ማጉደል ይሆናል። መንገዱ ግን ቀላል ነው፤ የማትፈልጉትን ቦታ ዝለሉት፣ ወይም ያንን ክፍል ተዉትና ከሌሎቹ ጀምሩ። የተማርነው መርሕ ከአሳማ ጋር አልታሰረም። ስብ መዓዛ ይሸከማል የሚለው ሕግ በወይራ ዘይትም፣ በንጥር ቅቤም፣ በኑግ ዘይትም ያው ነው። ኬሚስትሪ መጽሐፋችንም ስለ አልኮል ምዕራፍ አለው፤ ተምረን አልፈነዋል።

«ሙዚቃ አለው።» አለው። የምትጠነቀቁ ወንድሞችና እህቶች ድምፁን ዘግታችሁ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ትችላላችሁ። አብዛኛው ትምህርት በዐይን የሚታይ ነው።

«ሙስሊም ስለ ሆዱ ይህን ያህል ማሰብ የለበትም።» ይህ ከባዱ ተቃውሞ ነው። እውነት ነው፤ ሱናው ሆድን በሦስት ከፍሎ አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ መተው ነው። ግን በደንብ እንየው። ፊልሙ ብዙ ብሉ አይልም። እንዲያውም አራቱን ነገር የሚያውቅ ሰው በጥቂት ነገር ይረካል። ባቄላ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይትና ሎሚ ጥሩ እራት ይሆናሉ። በየምሽቱ ከውጭ የሚያዘው የማያውቀው ሰው ነው። ደግሞም ይህ ዕውቀት ለቀደሙት ሙስሊሞች ነውር አልነበረም። ኢብን ሰያር አል-ወራቅ ባግዳድ ውስጥ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምግብ መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ ሙሐመድ አል-ባግዳዲም እ.ኤ.አ. በ1226 ሌላ ጽፏል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ጥበቡን ሆድ አምላኪነት ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ የምናነበው አይኖርም ነበር።

«ማጀት የሴት ነው።» ለዚህ የፊልም መልስ አያስፈልግም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ሱና እንወዳለን የምንል ሰዎች ጺም ላይ ብቻ ብንቆም ፍትሕ አይደለም።

የእኔ ቅሬታ

ፊልሙ ጉድለት የለበትም አልልም። የሚያሳየን ወጥ ቤት ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ቢላው ይቆርጣል። የጣሊያኑ አይብ ዋጋ አይነገርም። ሰው ተርቦ፣ ጋዝ አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ እንዴት እንደሚያበስል አታዩም። አራት ክፍል ሲሆን አፍሪካ አንድም ቦታ አላገኘችም። ስለ ጨው ተናግሮ የአፋርን ጨው ቆራጮች፣ አሞሌ በግመል ተጭኖ ደጋ የወጣበትን ዘመን አለማንሣት፣ ስለ ኮምጣጣ ተናግሮ እንጀራን አለማየት ይቆጫል። ነገር ግን ይህን ክፍተት እነሱ እንዲሞሉልን መጠበቅ የለብንም። አምስተኛውን ክፍል የሚሠራው እናቱ አጠገብ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ለጀማዓው የማቀርበው ሐሳብ

ረመዳን ግቢ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። የጋራ ኢፍጣር ሲዘጋጅ እህቶች ከዐስር ጀምሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሳምቡሳ ይጠቀልላሉ፣ ሹርባ ያማስላሉ። እነሱም ጾመኞች ናቸው። እነሱም ፈተና አለባቸው። አብዛኛው ወንድም የሚደርሰው አዛን ሲቃረብ ነው። ከመግሪብ በኋላ ድስት የሚያጥቡት እነሱ ናቸው፤ ተራዊሕ ላይ ወደ ኋላ የሚቀሩት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይደርሱት እነሱ ናቸው። ቁርኣን ሊቀሩበት የሚገባውን ሰዓት እኛ ሆዳችን ውስጥ አስገባነው ማለት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ነን ካፌ ከወጣን ጀምሮ በአንድ ስቶቭ ተራ እየገባን እናበስላለን፤ አራት ወንድ ነን፣ እስካሁን የሞተ የለም። ስለዚህ አይቻልም የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከረመዳን በፊት አንድ ቅዳሜ ፕሮጀክተር እናግኝ፣ የሙቀቱን ክፍል አብረን እንይ። ከዚያ የማብሰል ልምድ ያላቸው እህቶች አንድ ከሰዓት በኋላ ያስተምሩን፤ እነሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገሩ፣ ወንድሞች ቆመው ይሥሩ። ቁሌት፣ ሹርባና ምስር፤ ሦስት ነገር ይበቃል። ረመዳን ሲገባ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ኢፍጣሩን ወንድሞች ብቻ ያዘጋጁ፣ ድስቱንም ራሳቸው ይጠቡ። በእነዚያ ቀናት እህቶች ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ የራሳቸው ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ሹርባ ጨው ሊበዛበት ይችላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንቋሽሸው አያውቁም፤ ካማራቸው ይበሉ ነበር፣ ካላማራቸው ይተዉት ነበር። እህቶችም በዚህ ሱና ይያዙን።

ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) የተሰጠውን ምክርም እናስታውስ፤ ሾርባ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ለጎረቤት እንዲያካፍል ነው የታዘዘው። እኛ ግቢ ውስጥ ጎረቤታችን የዶርሙ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ሆነም አልሆነ። ማብሰል የማይችል ሰው ውኃውን ሊያበዛ አይችልም።

ፊልሙን ለማየት ለምትፈልጉ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ከ«ሙቀት» ጀምሩ፣ ከዚያ «ጨው»፣ ቀጥሎ «ኮምጣጣ»፣ «ስብ» መጨረሻ ይሁን። ክፍሎቹ እርስ በርስ ስላልተሳሰሩ አይጎድልባችሁም። ጾም ላይ ሆናችሁ አትዩት፤ ይህን ከልቤ ነው የምመክራችሁ። ፈተና ሳምንትም ተዉት። ካያችሁ በኋላ ግን በዚያው ሳምንት አንድ ነገር አብስሉ፤ ሩዝም ቢሆን፣ ምስርም ቢሆን። ጨውን ቀደም አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ቁሌቱን አታጣድፉት፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉና ቅመሱት። ቢስሚላህ ማለቱን አትርሱ።

በፕሮግራሙ ሐሳብ የምትስማሙ ወንድሞች ከጁሙዓ በኋላ መስጂዱ በር ላይ አግኙኝ፤ ስም እየመዘገብኩ ነው። የምትቃወሙም ኑ። ሽንኩርት እየላጥን እንከራከራለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።